ያልተፈታው ቋጠሮ

«ይሥሐቅ! ቁም እንጂ!» ትጣራለች ምስክር። ወንድሟ ቀድሟቸዋል፤ ከጉሙ ውስጥ ሳቁ ብቻ ይሰማታል።

ቅዳሜና እሁድን ጓሳ ላይ በእግር ሊንሸራሸሩ ከአዲስ አበባ የመጡት ሁለቱ ናቸው። የሚመሯቸው አቶ ውባየሁ እዚያው አጠገብ ያለችው የሞላሌ ከተማ ሰው ናቸው። ከድንኳኑ ሲወጡ ፀሐይ ነበረ፤ አሁን የገዛ ጫማዋ እንኳ በቅጡ አይታያትም።

አቶ ውባየሁ ጉም ያሰጋቸው እንደሆነ በየሃምሳ እርምጃው ለመመለሻ ምልክት የጓሳ ሣር እየቋጠሩ ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ይፈቱታል። ትናንት መፍታቱን ለይሥሐቅ ሰጡት። እሱ እቴ! «ሣር ስፈታ ልዋል እንዴ?» ብሎ ተወውና፣ ማታ ሲጠይቁት «አንድም አልቀረ» አላቸው። ምስክር እያወቀች ዝም አለች።

«እዚህ ጋ ሌላ ቋጠሮ አለ!» ይላል ይሥሐቅ ከፊት፣ ቋጠሮውን እየተከተለ፣ ደስ ብሎት።

አቶ ውባየሁ ጎንበስ ብለው እግራቸው ሥር ያለውን ቋጠሮ ይዳስሳሉ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ወደ ገደሉ ነው። እኔ በዚህ በኩል አልቋጠርኩም።»

«የትናንቱ ይሆናላ» ትላለች ምስክር።

«ትናንትም አልመጣንበት። የኔ በቀኝ ነው የሚጠመዘዝ፤ ይሄ በግራ ነው።» ቀና ይላሉ። «ለመሆኑ፣ ፈትቶታል?»

ምስክር እውነቱን ታወጣለች። «አልፈታውም።»

ሽማግሌው ያማትባሉ። «ቋጠሮ ሳይፈታ ካደረ አይቶ የሚማር አለ ይሉ ነበር አባቴ። እኔ አላምናቸውም ነበር።»

«ይሥሐቅ!» ትጮሃለች። «ተቀመጥ! በእመቤቴ፣ ባለህበት ተቀመጥ!»

«ምን ሆነሻል አንቺ? አቶ ውባየሁ እኮ ከፊቴ እየቋጠሩልኝ ነው። እጃቸው ይታየኛል።»

የሽማግሌው እጅ ክንዷን ጭምቅ አድርጎ ይዟል።

«እዚህ ናቸው! ከኔ ጋ ናቸው!»

አንድ ከባድ ነገር ዘጭ ይላል። ተቀመጠ ወይስ ወደቀ? እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

«ተቀምጫለሁ» ይላል በመጨረሻ፣ ሰልሎ በቀረ ድምፅ።

ድምፁን ተከትለው እየዳኹ ይደርሱበታል። በሁለት እጁ ሣር ጨብጦ ያለቅሳል። ምስክር ከኋላው አቅፋ ትይዘዋለች፤ ጉሙ ቀስ እያለ ይሳሳል። ከጫማው ጫፍ አንድ እርምጃ አልፎ መሬቱ ያልቃል።

ከገደሉ አፋፍ በታች፣ የሰው እግር በማይቆምበት፣ በዐለቱ ስንጥቅ የበቀለ ሣር በግራ ተጠምዝዞ ተቋጥሯል። ዝቅ ብሎ ሌላ። ከዚያም ዝቅ ብሎ ሌላ።

ነፋስ የለም። የታችኛው ቋጠሮ ግን ገና እየተወዛወዘ ነው።