የጄኔራል ጥላሸት ድምፅ

«ግባ... ጫማህን አታውልቅ፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል።»

ድምፁ የመጣው ከሳሎን ነው።

ኪዳነወልድ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ...

ይህን ድምፅ ያውቀዋል። እሱም፣ ተከታዮቹም አሳምረው ያውቁታል።

የጄኔራል ጥላሸት ድምፅ ነው።

ልጁን ላስተዋውቃችሁ። ኪዳነወልድ ቡራዩ ተከራይቶ ይኖራል። ቀን ቀን አዲስ አበባ ኢንሹራንስ ቢሮ ይሠራል፣ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ቲክቶክ ላይ ፊልም ይተቻል።

ሰሞኑን የያዘው «የጨረቃ ጓሮ» የሚባል የካርቱን ተከታታይ ነበር። አንዲት የጠፈር መርከብ፣ አንዲት ካፒቴንና ጓደኞቿ፣ እነሱን ከፕላኔት ፕላኔት የሚያሳድድ ጄኔራል ጥላሸት የሚባል ክፉ...

አራተኛው ክፍል ሲወጣ «ካፒቴኗ በረዶ ፕላኔት ላይ በቲሸርት ወረደች... እኛ ሱሉልታ ለመሄድ እንኳን ጃኬት እንደርባለን» አለ። ሰው ሳቀ።

አምስተኛው ላይ ባሰበት።

«መርከቧ ነዳጅ ጨርሳ ቆማለች፣ ጄኔራሉ ግን መተኮሱን ትቶ ንግግር ያደርጋል። ንግግሩ ሳያልቅ ነዳጁ ተገኘ። ሳቁ ደግሞ... አይሱዙ በብርድ ሲያስነሱት ነው የሚመስለው።»

ይሄኛው አገር አዳረሰ። የታክሲ ረዳቶች ሳይቀሩ የጄኔራሉን ሳቅ ይስቁ ጀመር።

ስድስተኛው ላይም «ጄኔራሉ ዛሬም ጮኾ ጮኾ አደነቆረን፣ እባካችሁ አንድ ሰው ውሃ ይስጠው» አለ። ይሄ ደግሞ ከሁሉም በላይ ታየለት።

አሁን ኪዳነወልድ ደርቆ ወደቀረበት፣ ሱሉልታ ወዳለው በር እንመለስ...

የመጣው የፍቅረኛውን የብርቅዬን አባት ሊተዋወቅ ነው። «ሽማግሌ ከመላክህ በፊት አባቴ አንዴ ሊያይህ ፈልጓል» ብላው ነበር። አባቷ ሠፈሩ ኦቦ ብዙነህ የሚላቸው፣ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ያላቸው ሰው መሆናቸውን ያውቃል።

የጠፈር ጄኔራል መሆናቸውን ግን የነገረው የለም።

ዞሮ ብርቅዬን አያት። ብርቅዬ ጣሪያውን ታያለች።

«ምናለ ብትነግሪኝ...» አላት በሹክሹክታ።

«እንዳትነግሪው አለኝ። ሳያውቀኝ የሚለውን ልስማ ብሎ።»

ተቀመጡ። ሻይ መጣ። ኪዳነወልድ ስኳር ሳይጨምር ያማስላል...

«እዚህ ካርቱን ውስጥ ያስገባኝ ስቱዲዮ የሚሠራ የጎረቤት ልጅ ነው» አሉ ጋሼ ብዙነህ። «ሲሚንቶ ጫኞች ላይ ስጮህ ሰማኝና ወሰደኝ። ትወና የት አውቄ... ግን ወደድኩት።»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ... እርስዎ መሆንዎን ሳላውቅ ነው...»

«ለምኑ ነው ይቅርታው? የአራተኛውን ሰማሁ፣ ልክ ነህ። ያቺ ልጅ ጃኬት ያስፈልጋታል። የአምስተኛውንም ሰማሁ። ሳቄ አይሱዙ ነው። ባለቤቴም ከሠርጋችን ጀምሮ ስትለኝ ነው የኖረችው።»

«እኔ ትራክተር ነው ያልኩት» የሚል የእናትየው ድምፅ ከጓዳ መጣ።

የኪዳነወልድ ነፍስ መለስ አለች። ፈገግ ለማለትም ሞከረ።

«ስድስተኛውን ግን ንገረኝ» አሉ። «ጄኔራሉ ምን እያለ ነው የጮኸው?»

ኪዳነወልድ ሻዩን እያማሰለ መለሰ...

«ያው እንደተለመደው... መርከቧን ከቦ... እጅ ስጡ እያለ...»

ጋሼ ብዙነህ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ስድስተኛው ላይ እኔ የለሁም።»

ኪዳነወልድ ማማሰሉን አቆመ።

«አምስተኛው ከወጣ በኋላ ስቱዲዮው ደወለ። ሰው ስለሳቀ ጄኔራሉን ለጊዜው እናሳርፈው አሉኝ። ቅር አለኝ፣ አልዋሽህም። የዚያን ቀን ሱቅም አልከፈትኩ። ግን የተናገርከው እውነት ስለሆነ አልተቀየምኩህም። ስድስተኛው ሲወጣ ‹አሁንስ ስለኔ ምን ይል ይሆን› ብዬ ቪዲዮህን ከፈትኩ... በሌለሁበት ጮኸ ትላለህ።»

የሆነው ይኸው ነው...

ስድስተኛው የወጣ ዕለት ቡራዩ መብራት አልነበረም። የኪዳነወልድ ስልክ የቀረችው ባትሪ ለማየት አትበቃም፣ ለመናገር ግን ትበቃለች። ሌላ ሰው እንዳይቀድመው ፈራና ፖስተሩን ብቻ አይቶ በግምት ተቸ።

«ልጄን የሚያገባ ሰው ቤት ይኑረው፣ መኪና ይኑረው አልልም» አሉ ጋሼ ብዙነህ። «ሳያይ አየሁ የሚል ሰው ግን ያስፈራኛል። ነገ ስለ ልጄም እንደዚያ ቢያወራስ?»

ኪዳነወልድ ስለ መብራቱ ሊያወራ አፉን ከፈተ... ተወው።

«አላየሁትም ጋሼ። ዋሽቻለሁ።»

«እንግዲያው ቁጭ በልና እይ» ብለው ቴሌቪዥኑን ከፈቱለት።

አየ...

ጄኔራሉ የለም። መርከቧን የሚያሳድዳት ሰው ጠፍቷል። ተጓዦቹ በመጀመሪያ ጨፈሩ፣ ከዚያ የት እንደሚሄዱ ጠፋቸውና እርስ በርስ ይጣሉ ጀመር። በመጨረሻ ካፒቴኗ ብቻዋን ሬዲዮውን ከፍታ «ጥላሸት... አለህ?» አለች።

የሚመልስላት የለም።

ኪዳነወልድ ወደ ጋሼ ብዙነህ ዞረ። ጋሼ ብዙነህ መሬት መሬቱን ያያሉ።

በማግስቱ አዲስ ቪዲዮ ለቀቀ።

«ስድስተኛውን ሳላይ ነው የተቸሁት፣ በሌለ ሰው ላይ ነው ያሳቅኳችሁ። አሁን አይቼዋለሁ። መሃሉ ተንዛዝቷል። መጨረሻው ግን አንጀቴን በላው። ጄኔራሉ ሲጎድል ነው ፊልሙን የያዘው እሱ እንደነበር የገባኝ። ሳቁ ግን... ይቅርታ፣ አሁንም አይሱዙ ነው።»

ኮሜንቱን አትጠይቁኝ።

«ታዲያ የእስከ ዛሬውንስ አይተኸው ነበር?» ያለው ብዙ ነው። ብዙ ሰውም ጥሎት ሄደ።

ከስድቡ መሃል ግን ፎቶ የሌለው አንድ አካውንት እንዲህ ብሎ ጻፈ...

«መሃሉ እውነትም ተንዛዝቷል። አሁን ያየኸውን ተናገርክ። ሽማግሌ ላክ። የብርቅዬ አባት ነኝ።»

ወዳጆቼ... መተቸት ነውር የለውም። የሚያመው ትችት እንኳን እውነት ከሆነ ይጠቅማል፣ ሰውም ይችለዋል። ነውሩ ያላዩትን አየሁ ብሎ በሰው እንጀራና ስም ላይ መሳቅ ነው። ተሳስተው ሲገኙ ደግሞ ባሳቁት ሕዝብ ፊት ቆሞ «አላየሁም ነበር» ማለት ትልቅነት ነው።

እናንተ በጋሼ ብዙነህ ቦታ ብትሆኑ ሽማግሌውን ትቀበሉ ነበር? እንዲህ ሳታዩ የፈረዳችሁበት ሰውስ የለም?

መልሳችሁን ከሥር አስፍሩልኝ... ግን እውነት እዚህ ድረስ አንብባችኋል?