የዳክዬ እንቁላል በጨው

«እንቁላልሽ ገምቷል አልኩሽ! ጣይልኝ!» አለ ባሏ አልጋው ላይ እንደተኛ። ስኳር ከያዘው ወዲህ በትንሽ በትልቁ ይቆጣል።

እንቁላል በጨው ማቆየትን የተማረችው ለቻይና መንገድ ሠራተኞች ስታበስል ነው። ዘንድሮ ጾሙ ገብቶም ዳክዬዎቿ መጣል አላቆሙም። ስለዚህ ለፋሲካ ብላ ውሃ በጨው አፍልታ አቀዘቀዘች፤ የተሰነጠቀውን እንቁላል ለይታ ደህና ደህናውን ባልዲ ውስጥ ዘፈዘፈች። ከውሃው ብቅ ብሎ እንዳይበላሽም ሳህን ጫነችበት።

ሽታው ግን እውነት ነበር። ባልዲውን ጓዳ ወሰደችው፤ ቤቱ ሸተተ። ደጅ አወጣችው፤ ቤቱ አሁንም ሸተተ።

«ሽታው አንዴ ቤቱን ይዞታል» አለ ባሏ። «እንግዳ እንዳታስገቢ፤ እናፍራለን።»

ይሄኔ ተናደደች። ደጅ ቁጭ ብላ እንቁላሉን አንድ በአንድ ሰበረችው። አስኳሉ ሁሉ ጨው ሲገባው እንደሚሆነው ጠንከር ብሎ እንደ በርበሬ ቀልቷል። አንድም የገማ የለም። የመጨረሻውን በሳህን ይዛ ገባችና ከባሏ አፍንጫ ሥር አስጠጋችለት።

«እስቲ አሽትተው!»

አላሸተተውም። እሷ ግን ወደ አልጋው ስትጠጋ ሽታው በረታባት። ሳህኑን አስቀመጠች። ብርድ ልብሱን ከግርጌው ገለጠችው። በዚያ ሙቀት ካልሲ አድርጓል። ልታወልቅለት ሳብ ስታደርገው ካልሲው ከእግሩ ጋር ተጣብቆ እምቢ አላት።

ባሏ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«እንዳይቆርጡት ብዬ ነው» አለ።