የላሟ ድርሻ

«ላምሽ ዛሬስ በደንብ በላችልሽ?» አሏት አሮጊቷ፣ የማሽላ አገዳውን ሸክም ከጀርባቸው እያወረዱ።

«የቷ ላም፣ አዴ?» አለች ልጅቷ፣ እንደ እናት አክብራ እየጠራቻቸው።

ልጅቷ ኤረር በር በሚባለው የከተማው ግንብ በር አጠገብ በተከራየቻት ክፍል አገዳ እየቀቀለችና እየፈጨች ለሱቆች የወረቀት ከረጢት ትሠራ ነበር። አሮጊቷ ከገጠር ተሸክመው በነፃ ሲያመጡላት ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው፤ እሷ ግን ለምን እንደሚሰጧት አልጠየቀችም፣ ለምን እንደምትፈልገውም አልነገረቻቸውም። አሁን አንድ ከረጢት አንሥታ ሰጠቻቸው። «ይህን ነው የምሠራበት» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

አሮጊቷ ከረጢቱን ገለባብጠው አዩት፤ እጃቸውን አስገብተው እስከ ታች ዳሰሱት። «ማሻ አላህ! ባለሙያ ነሽ ለካ» ብለው ሳቁ። «እኔ ሞኟ ደግሞ ከተማ ውስጥ ምን ሣር አለ ብዬ፣ ከኔዋ ላም ድርሻ እየቀነስኩ አመጣልሻለሁ። ወተቷ እንኳ ቀንሷል።» ሳቃቸው ቂም አልነበረበትም፤ ልጅቷ ግን ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም። ለከረጢት ሥራዋ ገንዘብ ለማግኘት በጻፈችው ማመልከቻ ላይ አገዳውን «ማንም የማይፈልገው ተረፈ ምርት» ብላው ነበር።

ሸክሙን አንሥታ በራሷ ጀርባ አዘለችና አሮጊቷን ተከትላ ወደ ገጠሩ መንገድ ወጣች።