ከፍ ያለው ወንበር

ግዛቸው በሩን ገፍቶ ሲገባ ታቢታ ቀድማ ያየችው ፊቱን ሳይሆን እጆቹን ነው። በአንዱ የሙዝ ፌስታል ይዟል፣ በሌላው እሷን ሊጠይቁ የመጡትን እንግዶች ይጨብጣል። ምርኩዝ የለውም። ደስ ሊላት ሲገባ ሆዷ ባባ፤ በዚህም ደግሞ አፈረች።

ሁለቱ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያመልኩ፣ በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ሐኪም እጅ ዳሌያቸውን የተሠሩ ናቸው። መገጣጠሚያው በሰው ሠራሽ ከሚለወጥ ይትረፍ ተብሎ የገዛ አጥንታቸው ተቆርጦ፣ ተስተካክሎ፣ በብሎን ታሰረ። አጥንቱ እስኪይዝ ያለ ምርኩዝ እንዳትቆሚ፣ ብሎኑ ከተነቃነቀ ያተረፍነውን እናጣዋለን ብሏታል ሐኪሙ። ለግዛቸውም ያንኑ ብሎት ነበር። ይኸው የእሱ ያዘ፤ የእሷ ገና ነው።

ፊዚዮቴራፒ የምታሠራት ሶፍያ በወንዶቹ ራስሽን አትለኪ ትላታለች። ሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ ሕመሙ ይቆያል፣ ጡንቻውም ለመመለስ ይለግማል፣ ጥፋትሽ አይደለም። እሺ፣ ይህን ለሰው ብትናገር ማን ይሰማታል? ሰው የሚያየው አንዱ ሲራመድ ሌላዋ መቀመጧን ነው። የታቦር ሰፈር ጎረቤቶቿ ሊጠይቋት በመጡ ቁጥር ጠንከር በይ እንጂ ይሏታል፣ እንደ ሰነፍ ተማሪ።

እንግዶቹ ዝቅ ባሉት ሶፋዎች ላይ ተደላደሉ። ከፍ ያለው ወንበር ላይ ታቢታ ብቻ ናት። ዳሌዋ ብዙ መታጠፍ ስለሌለበት ባሏ ኢዮስያስ አናጢ ዘንድ ወስዶ እግሮቹን ያስቀጠለው፣ ትራስ የደረበበት ወንበር ነው። የቀረው የቤቱ መቀመጫ ሁሉ ለእሷ ጉድጓድ ነው። ኢዮስያስ ደግ ሰው ነው፣ ይህ አይካድም። ዛሬም ቤቱ እንዳይጠብ ብሎ ምርኩዞቿን ከእንግዶቹ መሀል አንስቶ መኝታ ቤት አቁሟቸዋል።

ግዛቸው ስለ ራሱ ያወራል። ባለቤቱ ጸሐይወርቅ ካልሲውን እንኳ ራሷ ታጠልቅለት ነበር፤ ሳህን ላንሳ ቢል ትቆጣለች። ታላላቆች ሊጠይቁት ሲመጡ ገና ከበራፍ እንዳትነሳ ይሉታል። የኢዮስያስ አባት ጋሽ ደበሌማ ያን ሰሞን ከአገር ቤት መጥተው ሳለ ትከሻውን ይዘው መልሰው ነው ያስተኙት። ሁሉም ሳቀ፣ ታቢታም ሳቀች። የእሷን ካልሲ ኢዮስያስ ያጠልቅላት ነበር፣ ሥራ እስኪመለስ። ከዚያ ወዲህ ካልሲ ትታ፣ አንዱን ምርኩዝ በብብቷ፣ ማማሰያውን በሌላ እጇ ይዛ ወጥ ትሠራለች። ማንም ሥሪ አላላትም። ተይ ያላትም የለም።

በሩ እንደገና ተከፈተ። ጋሽ ደበሌ ናቸው፤ ዛሬም ከአገር ቤት መጥተው ከመናኸሪያ በባጃጅ የደረሱት አሁን ነው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

"ኖር!" አለ ቤቱ በሙሉ፣ ሁሉም ብድግ።

ታቢታም ብድግ አለች።

አስባው አይደለም። ታላቅ ሲገባ መነሳት ገና በልጅነቷ እናቷ በቁንጥጫ ያስተማረቻት ነገር ነው፤ ለዚያውም የባሏ አባት! እግሯ ከሐሳቧ ቀደመ። ቆማ ከተገኘች በኋላ ነው ሁለቱም እጆቿ ባዶ መሆናቸውን ያወቀችው። ብሽሽቷ ውስጥ አንድ ነገር ሸርተት አለ፣ ሕመሙም እያቃጠለ እስከ ጉልበቷ ወረደ። የቡፌውን ጠርዝ ጨምድዳ ያዘች።

ቤቱ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ከዚያ ግዛቸው አጨበጨበ።

"አላልኳችሁም? ቆመች እኮ!"

ሴቶቹ እልል አሉ። አንዷ መዝሙር አነሳች፣ ሌሎቹ ተቀበሏት። ኢዮስያስ እንባው በጉንጩ ይወርዳል፤ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አይታው አታውቅም። አጠገቧ ላለችው ሴት አመመኝ ብትላት፣ ሲጀምር እንዲያ ነው፣ ግዛቸውንም አሞት ነበር ብላ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻትና ወደ መዝሙሯ ተመለሰች።

አማቷ ግንባሯን ስመው ፈጣሪን አመሰገኑ። ኢዮስያስ አባቱን የት እንደሚያስቀምጥ ዙሪያውን ቃኘ። ታላቅ ሰው ሶፋ ጥግ አይወሸቅም፤ የቤቱ ደህና መቀመጫ ደግሞ አንድ ነው፣ እሱም አሁን ባዶ ነው። ትራሱን አራገፈና አባቱን አስቀመጣቸው።

ታቢታ እጅጌውን ያዘችው። "ኢዮስ፣ ምርኩዜን አምጣልኝ።"

"ከእንግዲህ ምን ያደርግልሻል?" አላት እየሳቀ። እጇን ሳም አድርጎ ለእንግዶቹ ለስላሳ ሊከፍት ሄደ።

መዝሙሩ አለቀ፣ ሰው ሁሉ ወደየቦታው ተመለሰ። ታቢታ በደህናው እግሯ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። የመኝታ ቤቱ በር ቅርብ ነው፣ ግን ባዶ እጇን አትደርስበትም። ዝቅ ብላ ሶፋው ላይ መቀመጥም አትችልም። ቡፌውን የያዘው ክንዷ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፣ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች አብረዋት ይንቀጫቀጫሉ።

ጋሽ ደበሌ ቀና ብለው አዩዋት። አሳዘነቻቸው።

"በእግዜር፣ ተቀመጪ እንጂ ልጄ" አሏት፣ ከወንበሯ ላይ ሆነው።