ከጥዱ ላይ የመለሰችው

የወፍ ተመራማሪዋ ሶፊ በትንሿ ስፒከር የተቀዳ የጉጉት ድምፅ ለቀቀችና ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች። በየዓመቱ ወደ ሀና ማርያም ሰፈር እየመጣች፣ እነዚያው ቦታዎች ላይ ቆማ ትጠራና የሚመልሱላትን ትቆጥራለች፤ ጉጉቶቹ ከዓመት ዓመት እየተመናመኑ መሆናቸውን ያወቀችውም በዚሁ ነው። ዘንድሮ የትም ብትጠራ የሚመልስ ጠፍቶ ነበር። አሁን ግን፣ ገና ጨለማው ሳይጠነክር፣ ከእትዬ አማከለች ጥድ አናት ላይ አንዲት ጉጉት መለሰችላት። ሶፊ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ባለሱቁ ኮርሳ ግን ድንጋይ አነሳ። «ይቺ ሟርተኛ! አምናም እዚሁ ስትጮህ ከርማ ነው ጋሼን የወሰደችብን!»

የስፒከሩ ድምፅ የሰበሰበው ጎረቤት ሁሉ በራቸው ላይ ወደ ቆሙት እትዬ አማከለች ዞረ። ጥቁር የለበሱት እሳቸው ናቸውና ፍርዱም የእሳቸው ነበር። ለሶፊ፣ ባላቸውን ለቀበሩ ሴት ስለ ወፍ መከራከር ነውር መሰላት።

እትዬ አማከለች ነጠላቸውን አጥብቀው ቀስ ብለው መጡና ድንጋዩን ከኮርሳ መዳፍ ፈልቅቀው ወሰዱት።

«ጋሼህን የወሰደው ስኳር ነው! ‹አትሽጥለት› እያልኩህ በጓሮ በር ስታቀብለው የከረምከው ለስላሳ ነው! ወፏ ምን አጠፋች?»

ኮርሳ መሬት መሬቱን አየ። ጥዱ ላይ ጉጉቷ ደገመች፤ ከጎረቤቶቹ አንዱ አማተበ። እትዬ አማከለች ድንጋዩን እንደያዙ ወደ ሶፊ ዞሩ።

«አንቺስ ምን ይገትርሻል? ቁጠሪያታ!»