የዘገየ ማስተባበያ

በዚያ ክረምት ዝናቡ ጨዋታዎችን ሁሉ አሰረዘ፤ የስፖርት ጋዜጣችን የሚጽፈው አጣ። አንድ በረኛ በስርቆት ተጠርጥሮ መያዙን ሰማሁና፣ ገና ፍርድ ቤት ሳይቀርብ «ሌባው በረኛ» ብዬ ከነፎቶው አወጣሁት። ነጻ ሲወጣ ግን ውድድሩ ተጀምሮ ነበር፤ ቦታ የለም ብዬ ተውኩት።

ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ማስተባበያ ጽፌ ቤቱ ሄድኩ። ሁለቴ አነበበው፤ ተነስቶም በሩን ዘጋ።

«ጋሽ ታፈሰ፣ ያኔ ይውጣልኝ ብዬ ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጣሁ። አሁን አያውጡት። ልጆቼ ኳስ እንደተጫወትኩ እንኳ አያውቁም።»

ወረቀቱን ቀደድኩት።

ትልቋ ልጁ ከሥራ ገባች። «ጋሼ፣ አባዬን ከየት ያውቁታል?» አለችኝ።

«አላውቀውም፣ ልጄ። ቤት ተሳስቼ ነው።»