ጫማ ሰፊው «አላውቅም» ያሉበት ጠዋት

«በግራ ነው ሲስተር!»

«ኧረ በቀኝ ነው! አንተ ደግሞ ምን ነካህ?»

ሁለት ጎረምሶች መንገድ ሊያሳዩ ይከራከራሉ፣ አዋላጇ ነርስ ቦርሳዋን አቅፋ መንታ መንገዱ ላይ ቆማለች...

ጉሙ ሰፈሩን ውጦታል። ቤቶቹ መሬት የለቀቁ ይመስላሉ። ሰው ሳይታይ ድምፁ ይመጣል፣ ቀስ ብሎ ደግሞ ይጠፋል...

ምጥ ላይ ያለችው ሴትዮ ግን ጉሙ እስኪገፈፍ አትጠብቅም።

ባሏ ቅድም «ሲስተር ድረሽልን፣ እግሩ ቀድሞ መጣ!» ብሎ የቤት ቁጥሩን እንደነገራት ስልኩ ተቋረጠ። መልሳ ብትደውል፣ ብትደውል... ወይ ፍንክች!

የስልኳ ካርታማ ወንዝ መሃል ቆመሻል ይላታል። ጉድ እኮ ነው!

ጥግ ላይ ጫማ የሚሰፉ ሽማግሌ አየች።

«አባባ፣ 214 ቁጥር የቱ ጋ ነው?»

ወስፌያቸውን አስቀመጡ።

«አላውቀውም ልጄ።»

ሁለቱ ጎረምሶች ሳቁባቸው። «ሠላሳ ዓመት እዚህ ተቀምጠው!»

«እኔ የማውቀው እስከ ቧንቧው ነው። ከዚያ ወዲያ ልብስ አጣቢዋ ታውቃለች። ነይ፣ እሷ ጋ ላድርስሽ።»

አዋላጇ አመነታች... ጎረምሶቹ እርግጠኞች ናቸው፣ ግን ሁለቱም ልክ ሊሆኑ አይችሉም። እኚህ ሰው ግን የማያውቁትን እንኳ ለይተው ያውቃሉ።

ተከተለቻቸው።

በግድግዳው እየተደገፉ ቧንቧው ጋ ደረሱ። ልብስ አጣቢዋ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ወሰደቻቸው። እዚያ ወተት አዳዩ ተቀበላቸው።

«214? አሁን ወተት አድርሼ መምጣቴ ነው! ኑ!»

ጉሙ ሲገፈፍ ሕፃኗ አለቀሰች... እናትም ልጅም ደህና!

አዋላጇ ስትወጣ ሽማግሌው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ይንሰቀሰቃሉ።

«አባባ ምነው? ተገላገለች እኮ!»

«ሰምቻለሁ ልጄ፣ ተመስገን... እኔ እዚህ ሰፈር በገባሁ በሳምንቴ፣ አንዲት ባለ ቦርሳ ሴት እንዳንቺ እየሮጠች የቤት ቁጥር ጠየቀችኝ። አላውቀውም። አላውቅም ለማለት አፈርኩና ‹በዚህ ሽቅብ ነው› አልኳት።»

እንባቸውን ጠረጉና ቀጠሉ...

«ቤቴ ስገባ ሚስቴን ምጥ ይዟት ጎረቤት ተሰብስቧል። ለካ ሴትዮዋ አዋላጅ ኖራለች። ለካ የጠየቀችኝ የገዛ ቤቴን ቁጥር ነው! በሬ ላይ ተጽፎ አንድ ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም። ሚስቴ ተረፈችልኝ... ልጃችን ግን አልተረፈችም።»

አዋላጇ አጠገባቸው ቁጭ አለች። እጃቸውን ብቻ ያዘች።

ወገን፣ አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባል የለ? «አላውቅም» ማለት አያሳፍርም። የምናውቀው እስከ ቧንቧው ከሆነ፣ እስከ ቧንቧው እናድርስ። ይበቃል።

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ... እናንተ ሳታውቁ «በዚህ ነው» ብላችሁ የጠቆማችሁት ሰው፣ የት ደርሶ ይሆን? ኮሜንት ላይ እጠብቃችኋለሁ።